ከአብሾ እስከ ጊንኮ

በአብነት ትምህርት ቤት የተማሪው ሀብት በቃሉ የያዘው ነው። ብራና መፋቅ፣ ቀለም መበጥበጥና መጽሐፍ መጻፍ ጊዜም ገንዘብም የሚጠይቅ ሙያ ስለነበር፣ ዳዊት የሚደግመውም ድጓ የሚያዜመውም ልጅ ትምህርቱን ከየኔታ አፍ ተቀብሎ በልቡ ማኖር ነበረበት። ከደብር ደብር ሲሻገር ትከሻው ላይ ያለው ደበሎና አኮፋዳ ነው፤ የቀረው ንብረቱ ሁሉ ጭንቅላቱ ውስጥ ነው። ዜማውን ከነምልክቱ፣ ቅኔውን ከነአገባቡ፣ ትርጓሜውን ከነአንድምታው በቃል ለመያዝ ብዙ ዓመት ይፈጃል። ቀለም አልያዝለት ያለ ተማሪ ግን ቁራሽ እየለመነ፣ ውሻ እየተከላከለ የሚቆይበት ምክንያት አይኖረውም። በእንዲህ ያለ ኑሮ ውስጥ ልብ የሚከፍት፣ የሰሙትን የሚያስይዝ መድኃኒት መፈለጉ አያስደንቅም። የጥንቶቹ የመድኃኒት መጻሕፍት ከቁስልና ከሆድ ሕመም ማዘዣዎች ጎን ትምህርት እንዲገባ የሚረዱ ማዘዣዎችን የያዙት፣ አብሾ የሚባለው መድኃኒትም በተማሪው ዘንድ ስሙ የገነነው ለዚህ ነው።

አብሾ ከምን ከምን እንደሚቀመም መድኃኒት አዋቂው በቀላሉ አይናገርም፤ ቅመማውም ከአዋቂ አዋቂ ይለያያል። ይሁንና ተማሪዎችና ደብተራዎች አእምሮ ይከፍታል ብለው ከሚወስዷቸው ዕፀዋት አንዱ አስተናግር፣ በሌላ ስሙ እጸ ፋርስ፣ መሆኑ ተመዝግቧል። በየአጥሩ ሥርና በየቆሻሻ መድፊያው የሚበቅለው ይህ ተክል መለከት የሚመስል ረዘም ያለ አበባ አለው፤ እሾሃማው ፍሬ ሲደርቅ አራት ቦታ ተሰንጥቆ ጥቋቁር ዘር ያፈስሳል። ዘሩን የበላ ሰው አፉ ይደርቃል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ልቡ ይደልቃል፣ አጠገቡ ከሌለ ሰው ጋር ሲነጋገር ይታያል፤ መጠኑ ካለፈም ይሞታል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ብዙዎቹ የዕፀዋት ሊቃውንት የዚህ ተክል መገኛ አሜሪካ ነው ይላሉ። እንዲያ ከሆነ ወደ እኛ ሊደርስ የሚችለው እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ከ1500 ወዲህ ነው (ከዚህ በኋላ የምጠራቸውም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በአስተናግር የሚቀመመው አብሾ እንግዲህ «ከጥንት ከአባቶቻችን» ቢባልም ዕድሜው ከበርበሬ አይበልጥም።

ታዲያ አብሾ ይሠራል የሚለው እምነት በምን ጸና? ወጉን ልብ ብሎ ለሰማ ምክንያቱ ግልጽ ነው። አብሾ የጠጣ ተማሪ ቢያውቅ መድኃኒቱ ያዘለት ይባላል። ባያውቅ ወይም ቢያብድ ደግሞ ሕጉን አፍርሶ፣ አረቄ ቀምሶበት ነው ይባላል። ስኬቱ በእጹ ስም፣ ውድቀቱ በተማሪው ስም ይመዘገባል። በዚህ አያያዝ ሊረታ የሚችል መድኃኒት የለም፤ ውሃም ቢሰጥ ያሸንፋል። መድኃኒቱን ሳይቀምስ አራት ዓይና የሆነውን ሊቅ፣ ቀምሶም ከዳዊት ያላለፈውን ተማሪ ጎን ለጎን አስቀምጦ የቆጠረ አልነበረም። ሊቆጥር የተነሳ ቢኖር እንኳ ትምህርቱ ዓመታት ስለሚፈጅ፣ ተማሪውም ከአገር አገር ስለሚዞር፣ ቆጠራው ከመጀመሩ ይበተንበት ነበር።

ከዚህ ጋር ኮሶን እናነጻጽረው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ የኮሶን ዛፍ ከነሥዕሉና ከነጥቅሙ ለአውሮፓ አስተዋወቀ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመንም የኮሶ አበባ በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ይሸጥ ጀመር። ብሩስን ማንም በእምነት እንዲቀበለው አላስፈለገም። ኮሶ በማለዳ፣ በባዶ ሆድ የጠጣ ሰው ውጤቱን ለማወቅ ዓመት አይጠብቅም፤ ትሉ በዚያው ቀን ይወጣል፣ ይታያል፤ ካልወጣም አልወጣም ነው። የምከራከርበት ነገር ከዚህ ይነሳል። ባህላዊ ሕክምና ውጤቱ ፈጣንና በዓይን የሚታይ በሆነበት ሁሉ የሚታመን ምስክር ነው። ውጤቱ በሚዘገይበትና በማይታይበት ቦታ፣ ከማስታወስና ከጤናማ እርጅና የበለጠ የሚዘገይና የሚሰወር ደግሞ የለም፣ ምስክርነቱ ይደክማል። ከዚህ በኋላ የመጣው ታሪክ ይህን አጉልቶ ያሳያል። የጃጀ አእምሮን ጥቂትም ቢሆን ሊደግፉ የቻሉት ዕፀዋት በማስታወስ ስም የማይታወቁ ነበሩ፤ እንዲያውም የመጀመሪያው የሰው መግደያ ነበር።

ካላባር ዛሬ ናይጄሪያ በምትባለው አገር ደቡብ ምሥራቅ ያለች የወደብ ከተማ ናት። በዚያ የሚኖሩት ኤፊኮች በጥንቆላ የተጠረጠረን ሰው የሚዳኙት ወንዝ ዳር በሚበቅል የአንድ ሐረግ ፍሬ ነበር። ኤሴሬ ይሉታል፤ ጠቆር ያለ፣ ወፈር ያለ ባቄላ የሚመስል ነው። ተወቅጦ፣ በውሃ ተበጥብጦ ለተከሳሹ ይሰጣል። ካስታወከው ነጻ ይወጣል፤ ካላስታወከው ሞቱ ራሱ ፍርዱ ነው። በ1846 ዊልያም ዳንኤል የተባለ ሐኪም ስለዚህ ልማድ ያየውን ለአውሮፓ ምሁራን አቀረበ፤ በአካባቢው የነበሩ የስኮትላንድ ሚስዮናውያንም ፍሬውን ወደ ኤዲንብራ ላኩት። እዚያ የተቀበለው የመርዝ ጥናት ሊቁ ሮበርት ክሪስቲሰን ነው። ክሪስቲሰን በ1855 ከፍሬው ቁራሽ ቆርጦ ራሱ በላ። ብዙም ሳይቆይ ጉልበቱ ከዳው፣ የልብ ምቱ ተዛባ፣ አካሉ አልታዘዝ አለው። የሚያደርገው ሲያጣ አጠገቡ የነበረውን፣ ጢሙን የተላጨበትን የሳሙና ውሃ አንስቶ ጨለጠው፤ አስታወከውና ተረፈ። በኤፊኮች ሕግ ብንሄድ ክሪስቲሰን ንጹሕ ሰው ነበር ማለት ነው።

ኤዲንብራ ከዚህ በኋላ ባቄላውን አልለቀቀችውም። ወጣቱ ቶማስ ፍሬዘር በ1862 የመመረቂያ ጽሑፉን በእሱ ላይ ሠራ፤ በማግስቱ ዓመት ደግሞ የዓይን ሐኪሙ አርጋይል ሮበርትሰን የባቄላውን ጭማቂ በገዛ ዓይኑ ላይ ጠብ አድርጎ ብሌኑ እየጠበበ ሲሄድ ተመለከተ። ነገሩ ቀላል አልነበረም። በዚያን ጊዜ የዓይን ሐኪሞች ብሌን ማስፊያ አትሮፒን ነበራቸው፤ አትሮፒን የሚገኘው አስተናግር ከሚመደብበት የዕፀዋት ቤተሰብ ነው፣ በራሱ በአስተናግርም ውስጥ አለ። የሰፋውን ብሌን መልሶ የሚያጠብ ግን አልነበራቸውም። አሁን ባላንጣው ተገኘ። በ1864 በፕራግ እስረኞች አትሮፒን ጠጥተው ሲመረዙ ሐኪማቸው የካላባሩን ባቄላ ማርከሻ አድርጎ ሰጣቸው፤ በዚያው ዓመት ዮብስትና ሄሰ የተባሉ ጀርመናውያን ኬሚስቶች ዋናውን ንጥረ ነገር ለይተው ፊዞስቲግሚን አሉት። አስተናግርና የካላባር ባቄላ በሰው አካል ውስጥ በተቃራኒ አቅጣጫ እንደሚጎትቱ እንግዲህ ከዚያ ዘመን ጀምሮ ይታወቃል። አንዱ ያሰፋል፣ ሌላው ያጠባል፤ አንዱ ያደርቃል፣ ሌላው ምራቅ ያስዝቃል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ማስታወስን ያነሳ ሰው የለም።

ማስታወስ ወደ ታሪኩ የገባው በተገላቢጦሽ ነው። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ጀምሮ፣ በተለይም ካርል ጋውስ በ1906 ሥራውን ካቀረበ ወዲህ፣ በጀርመኗ ፍራይቡርግ ከተማ ለሚያምጡ ሴቶች ስኮፖላሚንና ሞርፊን በመርፌ ይሰጥ ነበር። ስኮፖላሚን በአስተናግር ውስጥ ካሉት ንጥረ ነገሮች አንዱ ነው። የዘዴው ዓላማ ሕመሙን ማጥፋት ብቻ አልነበረም፤ እናቲቱ ምጧን እንዳታስታውስ ማድረግ ጭምር ነበር። ሐኪሙ መጠኑ መብቃቱን የሚያውቀው አንድ ዕቃ አሳይቷት፣ ቆየት ብሎ መልሶ ሲያሳያት አይታው እንደሆነ በመጠየቅ ነው። ካላስታወሰች መድኃኒቱ ይዟል፤ ካስታወሰች ይጨመርላታል። የኛ ተማሪ ድጓ እንዳይረሳ ብሎ የዋጠውን ንጥረ ነገር የፍራይቡርግ ሐኪሞች ሰው እንዲረሳ ይወጉት ነበር ማለት ነው። መጠኑ ይለያያል፣ ጥቂቱ ያነቃል እንጂ አያስረሳም የሚል ሊኖር ይችላል። አስተናግር የወሰደ ሰው ልቡ የተከፈተ፣ ነገር ሁሉ የተገለጠለት እንደሚመስለው እኔም አልክድም። ነገር ግን ተገለጠልኝ ማለትና የሰሙትን ቃል በሳምንቱ ሳያዛቡ መልሶ ማለት የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያውን ተማሪው ራሱ ሊመሰክር ይችላል፤ የሁለተኛው ዳኛ የኔታ ናቸው።

የባቄላው ምሥጢር የተፈታው ኦስትሪያ ውስጥ ነው፤ አፈታቱም ራሱ የመርሳት ታሪክ አለበት። የግራዙ ፕሮፌሰር ኦቶ ሎዊ በ1921 አንድ ሌሊት በሕልሙ ያየውን የሙከራ ሐሳብ ብድግ ብሎ ወረቀት ላይ ጫረው፤ ሲነጋ የገዛ ጽሑፉን ማንበብም ሐሳቡን ማስታወስም አቃተው። በማግስቱ ሌሊት ሐሳቡ ሲመለስለት እንደገና እንዳያመልጠው በቀጥታ ወደ ላቦራቶሪው ሄደ። የአንዲት እንቁራሪትን ልብ ነርቩን ነክቶ እንዲዘገይ አደረገ፤ ልቧ የተነከረበትን ፈሳሽ ወስዶ በሌላ እንቁራሪት ልብ ላይ ሲያፈስሰው ያም ዘገየ። ነርቭ መልእክቱን የሚያደርሰው በኬሚካል መሆኑ በዚህ ታወቀ፤ ኬሚካሉም አሴቲልኮሊን ሆኖ ተገኘ። በ1926 ሎዊ ከባልደረባው ናቭራቲል ጋር አንድ ተጨማሪ ነገር አሳየ። አሴቲልኮሊን ሥራውን እንደጨረሰ የሚጠርገው ኢንዛይም አለ፤ የካላባሩ ባቄላ ጠራጊውን ይይዘዋል፣ ስለዚህ መልእክተኛው ይቆያል። አስተናግር ደግሞ መልእክተኛው የሚገባበትን በር ይዘጋል። በ1934 ሜሪ ዎከር የተባለች ሐኪም ይህን ዕውቀት ይዛ በለንደን፣ ግሪኒች፣ በጡንቻ መዛል በሽታ የዐይኗ ቆብ ለወደቀ ሕመምተኛ ፊዞስቲግሚን ወጋቻት፤ ቆቡ ወዲያው ተነሳ። አሁንም ልብ በሉ፤ የታየው በዓይን ነው፣ የታየውም በደቂቃዎች ውስጥ ነው።

ሁለተኛው እጽ ከወደ ካውካሰስ መጣ። በረዶው ቀልጦ ሳያልቅ የምታብብ፣ አንገቷን የደፋች ትንሽ ነጭ አበባ አለች፤ ጋላንተስ ይሏታል። የሶቪየት ኅብረት ተመራማሪዎች በ1951ና በ1952 ከሥሯ፣ ሽንኩርት ከመሰለው፣ ጋላንታሚን የሚባል ንጥረ ነገር አውጥተው እሱም እንደ ካላባሩ ባቄላ ጠራጊውን ኢንዛይም እንደሚይዝ አረጋገጡ። በቡልጋሪያ ዲሚታር ፓስኮቭ በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ኒቫሊን በሚል ስም መድኃኒት አደረገው፤ በፖሊዮ ለሰለሉ ልጆችና ከቀዶ ሕክምና በኋላ ጡንቻቸው ቶሎ ላልነቃ ሕመምተኞች ይሰጥ ነበር። የአገሩ ገበሬዎች አበባዋን ለነርቭ ሕመም ግንባራቸውን ያሹባት ነበር የሚል ወግ ይነገራል። እውነት ቢሆን እንኳ ወጉ የሚያወራው ስለ ሕመም ማስታገስ ነው፤ ስለ ሽማግሌ ትውስታ አይደለም።

የ1960ዎቹ አጋማሽ ሁለቱን ዓይነት ዕውቀት ጎን ለጎን ያሳየናል። በ1964 አክሊሉ ለማ አድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ ወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አየ። እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ብልሃርዝያ ተሸካሚዎች ነበሩ፤ ያየው ነገር ዓለም ያወቀው ጥናት ሆኖ በ1989 ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት አስገኘለት። ለዘመናት በእጅ የነበረ ተክል፣ በዓይን የታየ ውጤት፣ ከዚያ በላቦራቶሪ የተረጋገጠ ሥራ፤ ባህላዊ ዕውቀትና ሳይንስ ሲገናኙ እንዲህ ነው። በማግስቱ ዓመት፣ በ1965፣ የጀርመኑ ሽዋቤ ኩባንያ ከጊንኮ ዛፍ ቅጠል የተዘጋጀ መድኃኒት ለገበያ አቀረበ። ዛሬ በአዲስ አበባም በዋሽንግተንም የጊንኮ ክኒን ሲሸጥ «የሺህ ዓመት የቻይና ጥበብ» እየተባለ ነው። የቻይና ባህላዊ ሕክምና ግን በዋነኛነት የሚጠቀመው በዛፉ ፍሬ፣ ያውም ለሳልና ለአስም ነበር። ቅጠሉን ለአእምሮ ያዋለችው የ20ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ናት። ሺህ ዓመቱ የዛፉ ነው፤ ማዘዣው ገና መቶ ዓመት አልሞላውም።

በ1974 ዴቪድ ድራክማንና ጃኔት ሌቪት ለጤነኛ ወጣቶች ስኮፖላሚን ሰጥተው የማስታወስ ፈተና አቀረቡላቸው። ወጣቶቹ የተሳሳቱት ያረጁ ሰዎች በሚሳሳቱበት አኳኋን ነበር፤ የቀድሞውን ያስታውሳሉ፣ አሁን የሰሙትን ግን መያዝ አቃታቸው። አስተናግርና እርጅና አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ የሚል ጥርጣሬ ከዚህ ተወለደ። በ1976 ጥርጣሬው ማስረጃ አገኘ፤ በአልዛይመር በሽታ የሞቱ ሰዎችን አንጎል የመረመሩ ተመራማሪዎች አሴቲልኮሊን የሚሠራው ኢንዛይም ክፉኛ ቀንሶ አገኙት። ከእነዚህ ተመራማሪዎች መካከል ፒተር ዴቪስና ባልደረባው የሠሩት ኤዲንብራ ነው፤ ክሪስቲሰን የተላጨበትን ውሃ በጠጣባት ከተማ። ከዚያ በኋላ ነገሩ በራሱ መንገድ ሄደ። መልእክተኛው ካነሰ ጠራጊውን መያዝ ነው፤ ጠራጊውን የሚይዝ ደግሞ ከመቶ ዓመት በላይ በእጅ አለ። በ1978 ፊዞስቲግሚን የጤነኛ ሰዎችን የማስታወስ ውጤት እንደሚያሻሽል ታተመ። ችግሩ የሚቆየው ለጥቂት ሰዓት መሆኑና ማስታወኩ ነበር። በኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ማርታ ዋይንስቶክ የዚህን ንጥረ ነገር አሠራር ተከትላ የሠራችው ሪቫስቲግሚን በ2000፣ ጋላንታሚን ደግሞ በ2001 በአሜሪካ ለአልዛይመር ሕክምና ተፈቀዱ። የመግደያው ባቄላና የበረዶዋ አበባ ሽማግሌ ቤት የገቡት በዚህ በኩል ነው።

መካከል ላይ፣ በ1983፣ ሁለት የነርቭ ሐኪሞች ደፋር ሐሳብ አቅርበው ነበር። ሆሜር በኦዲሴይ ውስጥ ከጠንቋይዋ ኪርኬ መርዝ ያድናል ብሎ የጠቀሳት ነጭ አበባ ያቺው ጋላንተስ ናት፤ መርዙም አስተናግርን የመሰለ ነው አሉ። ይህ እውነት ከሆነ ጥንታውያኑ ነገሩን ሁሉ አስቀድመው አውቀውት ነበር የሚል ክርክር ይነሳል። እኔ ግን ሐሳቡን ብቀበለው እንኳ ወደ ራሴ ክርክር ይመልሰኛል። የአስተናግር ዓይነት መርዝ የበላ ሰው ማበዱ በሰዓታት ይታያል፣ ማርከሻው ሲሠራም ይታያል፤ እረኛም ሊያስተውለው ይችላል። ዕድሜ ልክ የሚወሰድ ቅጠል ከሃያ ዓመት በኋላ መጃጀትን መከልከል አለመከልከሉን ግን ሆሜርም የሆሜር እረኛም የሚያዩበት ዓይን አልነበራቸውም። ኤፊኮች ማስታወስን ስላላሰቡት የካላባሩ ታሪክ ዕድል ብቻ ነው የሚለኝም አይጠፋም። ዕድል አለበት። ቢሆንም ያቺ ፍሬ ከሺህ ፍሬዎች መካከል ተለይታ ወደ ኤዲንብራ የሄደችው ኤፊኮች ምን እንደምታደርግ በትክክል ስላወቁ ነው። ያዩትን በትክክል ተናገሩ፤ ያላዩትን አልጨመሩበትም።

የሚታየውን ለዓይን፣ የማይታየውን ለቆጠራ እንተወው ካልን ቆጠራው ምን አለ? ጊንኮ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው፤ እንደሱ የተቆጠረለት ቅጠል ጥቂት ነው። በአሜሪካ ዕድሜያቸው 75ና ከዚያ በላይ የሆነ 3,069 ሰዎች በሁለት ተከፍለው ግማሾቹ ጊንኮ፣ ግማሾቹ መልኩ አንድ ዓይነት የሆነ ባዶ ክኒን በቀን ሁለት ጊዜ ሲወስዱ ስድስት ዓመት ያህል ተከታተሏቸው። ውጤቱ በ2008 ታተመ። ከጊንኮ ወሳጆቹ 277 ሰዎች፣ ከባዶ ክኒን ወሳጆቹ 246 ሰዎች የመርሳት በሽታ ያዛቸው፤ ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊመጣ ከሚችለው አያልፍም። በ2012 ከፈረንሳይ የወጣው፣ ከ2,800 በላይ ሰዎችን አምስት ዓመት የተከታተለው ጥናትም በሽታውን መከላከሉን አላሳየም። እዚህ ላይ ጥሩ መቃወሚያ አለ፤ በ75 ዓመት መጀመር ዘግይቷል፣ ቅጠሉ በአርባ ቢጀመር ይሠራ ይሆናል የሚል። ሊሆን ይችላል፤ የአንጎል ጉዳት ምልክቱ ከመታየቱ ከብዙ ዓመት በፊት እንደሚጀምር ይታወቃል። ነገር ግን ክኒኑ የሚሸጠው ለማን ነው? ቁልፋቸውን የት እንዳኖሩ ለጠፋባቸው አረጋውያን ነው። ለእነሱ መልሱ ተሰጥቷል። ሳይንስ ንጥረ ነገር ነጥሎ እየፈተነ ሙሉውን ቅጠል ይበድለዋል የሚለው ሌላው መቃወሚያም እዚህ አይሠራም፤ የተፈተነው ነጠላ ንጥረ ነገር ሳይሆን ገበያ ላይ ያለው የቅጠሉ ጭማቂ ነው።

ሁሉም ቅጠል ወደቀ ብል ግን አልታመንም። በህንድ ብራህሚ በሚል ስም የሚታወቀው ባኮፓ ከጥንት ጀምሮ ለተማሪም ለአረጋዊም የሚሰጥ ነው። በ2008 ዕድሜያቸው 65ና ከዚያ በላይ የሆነ 54 ሰዎች 12 ሳምንት የተሳተፉበት ጥናት፣ ባኮፓ የወሰዱት የሰሙትን የቃላት ዝርዝር ቆይተው መልሰው በመናገር እንደተሻሉ አሳይቷል። የኛን ተማሪ የሚያስቀና ውጤት ነው። ቁጥሩ ግን ጥቂት፣ ጊዜውም አጭር ነው፤ ፈተናው ያለፈው የክፍል ጥያቄ እንጂ የዕድሜ ጥያቄ አይደለም። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ነገር ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ነው። በ2004 የታተመ ጥናት በቦስተን አካባቢ ባሉ የደቡብ እስያ መደብሮች ከተሸጡ 70 የህንድ ባህላዊ መድኃኒቶች በ14ቱ ውስጥ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ አግኝቷል። እርሳስ የአእምሮ ጠላት ነው፤ ለማስታወስ ተብሎ የሚዋጥ ዱቄት እሱን ከያዘ ከአብሾም ይብሳል።

በፈተናው ያለፉትም ቢሆኑ ብዙ የሚፎከርባቸው አይደሉም። ጠራጊውን የሚይዙት የአልዛይመር መድኃኒቶች 70 ነጥብ ባለው መለኪያ ከስድስት ወር በኋላ ያስገኙት ብልጫ በአማካይ 2.7 ነጥብ ያህል ነው፤ በሽታውንም አያቆሙትም። ፈረንሳይ ከነሐሴ 2018 መጀመሪያ አንስታ ሪቫስቲግሚንንና ጋላንታሚንን ጨምሮ የእነዚህን መድኃኒቶች ወጪ መሸፈን አቁማለች። ታዲያ ክርክርህ ምን ረባ፣ መርዙም ቅጠሉም ያው ሆነ እኮ የሚለኝ አንባቢ እውነት አለው፤ ልዩነቱ ግን ትንሽ አይደለም። የባቄላውን ልክ እስከ ነጥቡ ድረስ እናውቀዋለን፤ መንግሥትም በዚያ ልክ ገንዘቡን ያወጣል ወይም ይይዛል። የአብሾን ልክ የሚያውቅ የለም፤ ስለዚህ ዋጋውም ተስፋውም ማብቂያ የለውም።

ቆጠራው አንድ ያልተጠበቀ ነገርም አውጥቷል። በ2015 ከአሜሪካ የታተመ፣ ዕድሜያቸው 65ና ከዚያ በላይ የሆነ 3,434 ሰዎችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት፣ እንደ አስተናግር የአሴቲልኮሊንን በር የሚዘጉ የተለመዱ ክኒኖችን፣ አንዳንድ የቆዩ የአለርጂ፣ የእንቅልፍና የድብርት መድኃኒቶችን ማለት ነው፣ አብዝተውና አዘውትረው የወሰዱት በመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ጥናቱ ተከታትሎ ያየ እንጂ በዕጣ የከፈለ ስላልሆነ ክኒኑ በሽታውን አመጣ ለማለት አያበቃም፤ ለጥንቃቄ ግን ይበቃል። በዚያው ዓመት ከፊንላንድ የወጣው ጥናት በበኩሉ ከ60 እስከ 77 ዓመት የሆነ 1,260 ሰዎችን በዕጣ ከፍሎ ለግማሾቹ የምግብ ምክር፣ የአካል እንቅስቃሴ፣ የአእምሮ ልምምድና የደም ግፊት ክትትል ሁለት ዓመት ሰጥቶ፣ በአእምሮ ፈተና ከሌሎቹ እንደተሻሉ አግኝቷል። ልዩነቱ መጠነኛ ነው፤ ጠርሙስ ውስጥ ስለማይገባም አሻሻጭ የለውም።

ዳማ ከሴው ለምች፣ ጤና አዳሙ ለቡናው ይቆይ፤ የሚያደርጉትን የወሰዳቸው ሰው በዚያው ቀን ያውቀዋል። ለትውስታ ተብሎ ለሽማግሌ የሚሰጥ ቅጠል ወይም ዱቄት ግን በቤት ውስጥ የሚፈተንበት መንገድ የለም። ስለዚህ አረጋዊ እናት ወይም አባት ያላችሁ ሁሉ በሚቀጥለው የሐኪም ቀጠሮ ክኒኖቻቸውን ብቻ ሳይሆን ከመርካቶ የተገዛውን፣ ከውጭ የተላከውን፣ ከአዋቂ የመጣውን ሁሉ በአንድ ከረጢት ይዛችሁ ሂዱና ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ዘርግፉት።